በብብቴ ልክ የተቆረጠው ቀርከሃ

ባለፈው ሰሞን የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ ብዬ ባሕር ዳር ከፔዳ ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ቀርከሃ የሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ ጎራ አልኩ። አንደኛው የወንበር መደገፊያ ሊያጎብጥ ቀርከሃውን በእሳት ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰው ነበር። ሽታው ሳላስበው መጣብኝ። ቀርከሃ ሲሞቅ እንደ ሌላ እንጨት ጭስ ጭስ አይልም፤ ገብስ ሲቆላ ገና ሳይጠቁር የሚሸተው ዓይነት ነው፣ ከሥሩ ደግሞ የእርጥብ ሣር ነገር አለው። ወጣቱ መደርደሪያው ባለ ሦስት ደርብ ይሁን ባለ አራት ብሎ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም። ደግሞ ጠየቀኝ። ደስ እንዳለህ ያልኩት መሰለኝ፤ በቀጠሮው ቀን ስሄድ ባለ አምስት አድርጎ ጠበቀኝ።

እኔ ግን ያን ሰዓት ግሽ አባይ ሰፈር ከነበረው የድሮ ግቢያችን ገብቼ ነበር። ከቤቱ ጀርባ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ የአያቴን እጆች እያየሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ያ ክረምት በቤታችን «እማዬ የከሳችበት ክረምት» ይባላል፤ ሌላ ስም የለውም። ወንድሜ የተወለደው ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት ነው። ከእኔ በኋላ እማዬ ሁለት ጊዜ ፅንስ ተጨናግፎባታል። ይሄኛው ቀኑ ደርሶ ሲወለድ ደግሞ አላለቀሰም። ሐኪሞቹ ይዘውት ሲራወጡ እሷ እዚያው አልጋ ላይ ሆና ለእመቤታችን ተሳለች፤ ልጁ ከተረፈልኝ ክርስትና ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ በጥሬ እጾማለሁ አለች። ልጁም አለቀሰ።

በጥሬ መጾም ማለት በውኃ የተነከረ ሽንብራ በጨው ነው፤ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ወጥ የለም፣ ዘይት የለም፣ እንጀራም የለም። የፍልሰታን ሁለት ሱባዔ እንዲህ የሚጾሙ ሴቶች በሰፈራችን ብዙ ነበሩ። ግን እነሱ አያጠቡም፤ ደግሞም ከሰኔ አይጀምሩም። እማዬ ቃሏን ጠበቀች። በክርስትናው ዕለት ለእንግዳው ሁሉ የጾም ወጥ አቅርባ ስታበቃ፣ እሷ ሽንብራዋን በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ጓዳ ገባች። ሐምሌ ሲጋመስ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት በክር አንገቷ ላይ አሰረችው።

እኔ ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነበር። ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥር ላይ ለሌላዋ «ልጁ እኮ በላት» ስትል ሰማሁ። እኔ ልጁ እውነትም እየበላት ነው አልኩ። ሰው ዘወር ሲልልኝ የወንድሜን ከንፈር በጣቴ ገለጥ አድርጌ ጥርስ ፈለግኩ። ድዱ ባዶ ነበር። ይህ ግን ከማጽናናት ይልቅ አስፈራኝ፤ ያለ ጥርስ እንዲህ ከበላት፣ ጥርስ ያወጣ ቀን ምን ሊያደርጋት ነው አልኩ። ወንድሜ ዛሬ ይህን ስነግረው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ወተቷ እየነጠፈ ነበር። ልጁ ጡቷን ይዞ ይስባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። አባዬ የጣሳ ወተት ገዝቶ መጣ፤ ልጁ ጡጦውን በምላሱ ገፍቶ አወጣው። እማዬም ብድግ ስትል ግድግዳ መያዝ ጀመረች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየችና ደምሽ አልቋል፣ አሁን ሽሮ እንኳ ብትበዪ ብቻውን አይመልስሽም አለቻት። ሥጋ ብዪ፣ እንቁላል ብዪ፣ እሱም ካልሆነ አሳ ብዪ፤ ባሕር ዳር ተቀምጠሽ አሳ ይቸግርሻል? እንዲህ ከቀጠልሽ ልጁም አንቺም አትተርፉም አለቻት። እማዬ አመስግና ወጣች።

አባዬ የፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ያደገው ዝዋይ ነው። ለእሱ አሳ የጾም ምግብ ነው፤ «እኛ አገር አሳ ጎመን ነው» ይላል። እማዬ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ከቆላ ድባ በኩል። እነሱ ዘንድ አሳ እስትንፋስ ያለው ነውና በጾም አይነካም። ከተጋቡ ጀምሮ ጾም በገባ ቁጥር በዚህ ይነታረካሉ፤ ግን እየተሳሳቁ ነበር። ያ ክረምት ሳቁን ወሰደው። ከነርሷ በተመለሱ ማግሥት አባዬ ከአሳ ነጋዴዎቹ ትልቅ ቀረሶ አሳ ገዝቶ፣ ጠብሶ አቀረበላት። ሐምሌ ነው፣ ጾም የለም፤ ከስለቷ በቀር የሚከለክላት አልነበረም። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

የንስሐ አባታችን ደግሞ መጡ። አጥቢ ነሽና ስለቱን እፈታልሻለሁ አሏት። እማዬ መስቀላቸውን ተሳልማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለቻቸው፦

«እርስዎ ይፈቱልኛል፣ አባቴ። እሷ ግን ልጄን ስትሰጠኝ ነገ አላለችኝም።»

አባዬ በዚያው ዕለት ለአያቴ ስልክ ደወለ።

አባዬ አያቴን ይፈራቸው ነበር። መሪጌታ ልጃቸውን ለአንድ የድጓ ተማሪ አስበው ሳለ፣ እሷ እጁ በግራሶ የጠቆረ የዝዋይ ልጅ አገባች። ሠርጉ ላይ መርቀዋቸዋል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችን የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከስልኩ በኋላ አውቶቡስ ተራ ልንቀበላቸው ስንሄድ አባዬ ጥምጣማቸው እንዳይረጥብ ጃንጥላውን ለእሳቸው ብቻ ያዘና እሱ እስከ ካልሲው በሰበሰ። ረጅም ሰው ነበሩ፣ ነገር የማያበዙ፣ መቋሚያቸውን ከትከሻቸው የማይለዩ። እኔ አባባ ነበር የምላቸው።

ሁላችንም ብዪ ብለው እንዲያዟት ነበር የጠበቅነው። አባባ ገቡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ እማዬን ከጎናቸው አስቀመጧት። ክንዷን ያዙ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ዙሪያውን ዞረው ገጠሙ። ስለቷን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነገሯት። ስትጨርስ «ሰማሁ» አሉ፤ በቃ። አባዬ ወጥቶ ደህናውን ብስክሌቱን ያለ ምክንያት ፈታታው። ዛሬ ሳስበው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ስለትህን አግባ ሲሉ ለኖሩ ሰው የገዛ ልጃቸውን አፍርሺው ማለት አፋቸው እምቢ ብሏቸው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ገበያ ምሪኝ አሉኝ። መንገድ ላይ አባትሽ ያመጣውን አሳ እምቢ አለች ይላሉ፣ እውነት ነው? ብለው ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። በመቋሚያቸው ጭቃውን እየወጉ ትንሽ ሄዱ።

«አንቺ በእጅሽ ያመጣሽውንስ?» አሉኝ።

«እኔ አሳ ከየት አመጣለሁ?»

«ከሐይቁ ነዋ። ዘንጉን እኔ አበጅልሻለሁ። ግና ፍልሰታ ሳይገባ ነው። ከገባ ወዲያ እኔም ብዪ አልላት፣ እሷም አትሰማኝ።»

በሰፈራችን መንጠቆ የሚይዙት ወንዶቹ ናቸው። እኔ ደግሞ የወንድሜን ጥርስ ስጠብቅ የሰነበትኩ ሰው ነበርኩ። አሁን እናቴን ከእሱ የማስጥልበት መሣሪያ ሊሠራልኝ ነው። ከደስታዬ የተነሳ አባባን ቀድሜ እየሮጥኩ፣ መንገድ መሪ መሆኔን ረስቼ፣ ሁለት ጊዜ ጠፋሁባቸው።

ቀርከሃ የምትሸጠው ሴት የእንጅባራ ሰው ነበረች። አባባ ከክምሩ አንድ በአንድ እያነሱ በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ መለሱ፣ ሌላ አነሱ። ሴትዮዋ ቤት ሊሠሩበት ነው ወይስ ዜማ ሊያስተምሩት ነው ብላ ቀለደች። ለአሳ ማጥመጃ ነው ብዬ ነገርኳት። «መሪጌታና አሳ?» አለች፤ ከዚያ አባባ ዞር ብለው ሲያዩአት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሦስት ረጃጅም ቀርከሃ መርጠው በትከሻቸው ተሸከሙ፤ እኔ የኋላውን ጫፍ ይዤ እየተንጠለጠልኩ ቤት ደረስን።

አባባ መቋሚያ ሲያቃኑ ነው የኖሩት፤ የራሳቸውንም፣ የተማሪዎቻቸውንም፣ የደብራቸውን ካህናትም። እጃቸው ሥራውን ያውቃል። ቅርንጫፎቹን ከአንጓው ላይ በቢላ ላጩ፣ አንጓዎቹን በጠርሙስ ስባሪ ፋቁ። ከዚያ ወደ ከሰሉ። ቀርከሃው ይሞቅና ላብ ያወጣል፤ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ወዝ። ያንኑ በጨርቅ እየጠረጉ መልሰው እሱኑ ይቀቡታል፣ እንደ ብርጭቆም ያበራል። የጎበጠውን ቦታ ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ቀስ አድርገው ይጫኑታል፤ እኔ በረጠበ ጨርቅ አቀዘቅዘዋለሁ፣ ጨርቁ ይንጫጫል። ይበቃል እስኪሉኝ ድረስ እጄ ከእጃቸው ሥር ይቆያል። ጫፉን፣ ክሩ የሚታሰርበትን ቦታ፣ በጥጥ ፈትል ጠመጠሙትና የጧፍ ቁራጭ አቅልጠው አሹት። ቤታችን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። እማዬ ከውስጥ ሆና ምን እያደረጋችሁ ነው ስትል አባባ ቀርከሃ እያቃናሁ ነው ይሏታል፤ ውሸትም አልነበረም።

ከመቆረጡ በፊት ቀጥ ብለሽ ቁሚ አሉኝ። ቀርከሃውን ከጎኔ አቁመው እስከ ብብቴ ለኩት፣ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ፣ ቆረጡት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። በልኬ የተሠራ ዕቃ ከዚያ በፊት ኖሮኝ አያውቅም፤ ልብሴ እንኳ ወደፊት ትደርስበታለች እየተባለ ነው የሚገዛልኝ።

ከዚያ ደግሞ እንዳይጎብጥ ድንጋይ ታስሮበት ከጓሮው ዳስ ማገር ላይ ተሰቀለ። ይሰንብት አሉ። እኔ በየጠዋቱ ደረሰ? እላለሁ፤ እሳቸው ከቸኮልንበት ይሰነጠቃል ይላሉ። አባዬ ያን ሰሞን የሌሊት ተረኛ ስለነበር ቀን ቀን ይተኛል፤ የምንሠራውን አላየውም። ወንድሜ ያለቅሳል። ሐምሌ እያለቀ ነበር።

ዘንጉ ከተሰቀለበት እንደወረደ ክርና መንጠቆ ገዝተን ወደ ሐይቁ ሄድን። በክረምት የሐይቁ ዳር ዳር ይደፈርሳል፤ ዝናብ ያወረደው ጭቃ፣ የደንገል ስብርባሪ፣ የላስቲክ ከረጢት አብሮ ይንሳፈፋል። ማረፊያ የሚሆን ድንጋይ አግኝተን ቆምን። ዘንጌ ግን ከደንገሉ አልፎ አልደረሰም። ጠጋ ስል ጫማዬ ውኃ ገባ። መንጠቆው ደንገሉ ውስጥ እየተጠላለፈ ቀረ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እውነተኛ አሳ ያዘውና፣ ዘንጉ እንደ ብረት ቀጥ ብሎ ሲቀር ክሩ ጣ ብሎ ተበጠሰ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሚቀጥለውም። አባባ አንድም ቀን ዘንጉን አልጠረጠሩትም። ትሉን ለወጡ፣ ቦታውን ለወጡ፣ ምናልባት ሰዓቱ ይሆናል አሉ።

የሐምሌ መጨረሻ ቀን አባዬ ከሥራ ሲመለስ በሐይቁ በኩል ዞሮ መጣና አየን። ብስክሌቱን አቆመ። ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው። ከስንት ሳምንት በኋላ የሳቀው ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ደግሞ ደነገጠና ባርኔጣውን አወለቀ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ እኮ መቋሚያ ነው።»

አባባ ዘንጉን ከእጄ ተቀበሉ። በአንድ እጃቸው የራሳቸውን መቋሚያ፣ በሌላው የእኔን ይዘው ጎን ለጎን አዩአቸው። ከቁመታቸውና ከእሳቸው መቋሚያ አናት መደገፊያ በቀር ልዩነት አልነበራቸውም። እጃቸው የሚያውቀውን ሠርቶ ነበር፤ ሰው ሲደገፈው የማይታጠፍ፣ ለቆመ ሰው ብብት ልክ የሆነ። አባዬ በአክብሮት፣ እየተንተባተበ አስረዳቸው። የአሳ ዘንግ ቀጭን ነው፣ ከትልቅ ሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል፣ ጫፉ ደግሞ መጉበጥ አለበት፤ አሳው ሲስብ ዘንጉ ካልጎበጠለት ክሩ ይበጠሳል አላቸው።

አባባ ክሩን ከዘንጉ ጫፍ ፈቱ። ነገ ፍልሰታ ይገባል።

«ቀኑን እኔ ነኝ የፈጀሁት» አሉ።

እኔ ነገሩ አበቃ ብዬ ነበር። ሳይገባ ነው ያሉት ራሳቸው ናቸው። ጾሙ ገባ፤ ሰፈሩ ነጭ በነጭ ሆነ። እንደ እኩዮቼ እኔም እስከ እኩለ ቀን እጾማለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲነበብ በአባባ ነጠላ ሥር ሆኜ አንቀላፋለሁ። እማዬ ከሁላችን ቀድማ ነበር የምትነሳው። ፍልሰታ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቅጽሩን እንዳለፍን ወደቀች። በጉልበቷ ነው የወደቀችው፤ ልጁን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር። አባባ ልጁን ተቀበሉ። አንድ ባለ ባጃጅ ተሸክሞ አስገባት። ቤት ደርሳ ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው ልጁ ጭቃ ነካው? ነው። ወንድሜ ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን እንደ ድመት ግልገል ቀጥኖ ነበር። ያን ቀን እበላታለሁ ብሎ ያሰበ ልጅ እንዲህ አይደክምም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱም ፈራሁለት።

አባባ ተነስተው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከትያቸው ስሄድ ከሰሉን ሲያያይዙ አገኘኋቸው። አባዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሰውት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«አባባ፣ ገብቷል እኮ» አልኳቸው።

«አዎ፣ ገብቷል» አሉ። ከሰሉን ማራገባቸውን ቀጠሉ።

ሳይቆረጡ ከቀሩት ቀርከሃዎች ቀጭኑን መረጡ። አባዬ ጫፉን እየነቀነቀ እዚህ ጋ ይጉበጥ፣ እዚህ ጋ ይጠንክር ይላቸዋል፤ አባባ የታችኛውን ብቻ በእሳት እያጠነከሩ ጫፉን እንዳለ ይተዉታል። አባዬ ከመሣሪያ ሳጥኑ ለክብደት የምትሆን ትንሽ ዳዶ አመጣ። ከደረቀ ደንገል፣ ክሩ ላይ ታስራ አሳ ሲነክስ የምትሰጥም ተንሳፋፊ ቀረፀልኝ። አባባ ጠምጥመው ጧፉን ሲያቀልጡ አባዬ ጫፉን ይዞላቸው ነበርና አንዲት ጠብታ እጁ ላይ ወደቀች፤ አባባ ሳያስቡት እፍ አሉለት። ያን ቀን ድንጋይ አልታሰረም፣ ይሰንብትም አልተባለም።

በማግሥቱ ከውዳሴ ማርያም በኋላ ከአባባ ጋር ወረድን። ራቅ ብለው የሚያጠምዱ ወንዶች ልጆች ነበሩ። አያትሽ መሪጌታ ከሆኑ ድግምት አያጡም፣ አሳውን ጠርተው ያወጡታል ብለውኝ ነበር። እውነትም አባባ ከአጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ከንፈራቸው ያለ ማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ጠበቅኩ። የሚመጣ አሳ የለም። ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉበት። አሳዎቹ ርቀው ነው ያሉት።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ድንጋዩን ተደግፈው ሳቁ፣ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔስ ለአሳ አልነበረም የምደግመው» አሉኝ። «ለእናትሽ ነው። ነፍሷ በእጄ ያለች ይመስለኛል።»

ይህን ሲሉኝ ወደ ውኃው ዞርኩ። ተንሳፋፊዋ የለችም። የዘንጉ ጫፍ ወደ ውኃው ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። ሳብኩ። አልተበጠሰም። ቀረሶው ሣሩ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ እኔም አብሬው ተንፈራገጥኩ ማለት ይቻላል። ጥቂት ቆይቼ ሌላ ያዝኩ፣ ከመጀመሪያው የሚተልቅ። አባባ አሳዎቹን አልነኳቸውም። ደንገል ልጠው ሰጡኝና በስንጥባቸው አሳልፌ አሰርኳቸው፤ እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ራቅ ብለው ከኋላዬ መጡ።

ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም ቤት ነበርን። አባዬ አጽድቶ፣ በጨው ብቻ በከሰል ጠብሷቸዋል። አንደኛውን በሳህን አድርጌ እማዬ ፊት ቆምኩ። እኔ ነኝ ያመጣሁት አልኳት፣ በእጄ፤ አባባ ዘንግ ሠርተውልኝ። እማዬ ልጁን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ሳመች፤ የአሳ ሽታ ነበራቸው።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔ ግን አልችልም። ቃሌ ነው።»

አባዬ ራሱን ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁሉን እንደተባልኩት አድርጌ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚደረገውን ማንም አልነገረኝም።

«ወዲህ አምጪው» አሉ አባባ።

እጃቸውን ታጠቡ። አማተቡ፣ ባረኩ። ከአሳው ቆረሱና አፋቸው ውስጥ አደረጉት።

«አባቴ» አለች እማዬ። «ምን ነካዎት? ፍልሰታ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባቸው። «ከልጅነቴ እስከ ዛሬ ያልነካሁት ነው። አንቺ የተሳልሽው ለልጅሽ ነበር፤ እኔም የበላሁት ለልጄ ነው። እመቤቴ ትጠይቀን የለ፣ አብረን ቆመን እንመልሳለን። እኔ እቀድማለሁ።»

ከአሳው ሌላ ቆረሱ፣ አጥንቱን ለቅመው አወጡ፣ ወደ እሷ ዘረጉት። እጃቸው በአየር ላይ ቆየ። እማዬ አፏን ከፈተች። እያኘከች እንባዋ ወንድሜ ላይ ይወርድ ነበር፤ እሱ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል።

ወተቷ ወዲያው አልተመለሰም። ወንድሜ ጉንጭ ያበጀው ለመስቀል ገደማ ነው፤ ለዚያም ብዙ አሳ፣ ብዙ ሌላም ነገር አስፈልጓል። እኔ የማልረሳው ግን ያን ከሰዓት በኋላ ነው። ምክንያቱም እኔ ከሁሉም መሃል ቆሜ የገባኝ ነገር አባባ አሳውን መውደዳቸው ብቻ ነበር። ዓይናቸው ያቀረረው አጥንት ወግቷቸው መሰለኝ። ቀስ ብለው የሚያኝኩት ጣዕሙ እንዳያልቅባቸው መሰለኝ። በኔ አሳ እንዲህ ደስ ካላቸው ብዬ ሁለተኛውን፣ ትልቁን፣ በሳህን አምጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አባባ፣ ልጨምርልዎ?»

አባባ እኔን አላዩኝም። እማዬን ነበር የሚያዩት። እሷ መብላቷን አቁማ እጇን ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳርፋ፣ አባቷ እንደገና እስኪቆርሱ ትጠብቅ ነበር።

«ጨምሪልኝ» አሉኝ።

ጨመርኩላቸው። እሳቸው አንድ ሲያነሱ እማዬም አንድ ታነሳለች፤ እሷ እስክትጨርስ ድረስ አላቆሙም።